በጉዞ መሃል ያቆሙት ቪኤም ሲደርስ ለምን ራሱ ይነሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የአይቲ ክፍሉን እይዛለሁ። ኡቡንቱና ኬቪኤም (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ቪኤም የሚባሉ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሶፍትዌር) የተጫነባቸው ሁለት ሰርቨሮች አሉን። የቪኤሞቹ ዲስክ ሁለቱም በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ የማጋሪያ መንገድ) በሚደርሱበት አንድ ማከማቻ ላይ ነው፤ ሰርቨሮቹን የሚያገናኛቸውም ባለ 1 ጊጋቢት ስዊች ነው። የአንደኛው ፋን በአቧራ ታፍኖ ስለሚግል አጥፍቼ ላጸዳው አሰብኩ። ከዚያ በፊት የሒሳብ ዳታቤዙ ያለበትን ባለ 16 ጊጋባይት ራም ቪኤም እየሠራ ወደ ሁለተኛው ማዛወር ጀመርኩ። በመሃል ማንም እንዳይጽፍበት ብዬ በሰስፔንድ (ቪኤሙን ባለበት በሚገታው ትእዛዝ) አቆምኩት። ሲደርስ ግን ማንም ሳያስነሳው ይሠራል፤ የሽያጭ ሠራተኞች ደረሰኝ እየቆረጡበት አገኘሁ። ከሳምንት በፊት ደግሞ ሌላ ቪኤም ሳዛውር በተቃራኒው ቆሞ ደረሰ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ስለ ደረሰኞቹ አይስጉ። መነሻው ላይ ያለው ቪኤም ቆሞ መድረሻው ላይ ያለው ብቻ ስለሠራ፣ የተጻፈው ሁሉ የተጻፈው በአንድ ቦታ ነው። የሚያሳስበው በዚያ መሃል «ቆሟል» ብለው ተማምነው የዲስኩን ፋይል ለመጠባበቂያ ገልብጠው ከነበረ ነው። እንዲያ ከሆነ ያንን ቅጂ ይጣሉት።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ፣ «ይሠራል» ወይስ «ቆሟል» የሚለው ሁኔታ በራሙና በሲፒዩ ሬጅስተሮቹ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሄድ አይደለም፤ ለብቻው የሚያዝ መረጃ ነው። ቪኤሞችን በሚያስተዳድረው በሊብቨርት ሲያዛውሩ መድረሻው ላይ የሚከፈተው ኪውኢሙ (ቪኤሙን የሚያሠራው ፕሮግራም) ቆሞ ይጠብቃል። ራሙ፣ ሲፒዩውና ዲቫይሶቹ ገብተው ካለቁ በኋላ አንድ አካል «ቀጥል» ይለዋል፤ ወይም ዝም ይለዋል። እርስዎ ጋ ይህን የሚወስነው ሊብቨርት ነው፤ የሚወስነውም ማይግሬሽኑ (ማዛወሩ) ሲጀመር ባየው ሁኔታ ነው። በዚያች ቅጽበት ቪኤሙ ቆሞ ካገኘው «ሲደርስም ቆሞ ይቆይ» የሚል ምልክት ራሱ ይጨምርበታል። እየሠራ ካገኘው ምልክቱ የለም፤ ስለዚህ ሲደርስ ያስነሳዋል። እርስዎ ያቆሙት ምልክቱ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። ዳታቤዙ በኃይል ሲጽፍ ማይግሬሽኑ አልጨርስ ካለ፣ በቪርሽ (ለሊብቨርት ትእዛዝ በሚሰጥበት መሣሪያ) «ታይምአውት» በሚባለው አማራጭ ቪኤሙን መነሻው ላይ ገትቶ ቀሪውን ራም እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል። ያኔ መድረሻው ላይ ካልተነሳ ሥራው ሁሉ ይቆማል። በእጅ የተሰጠ ሰስፔንድና ለዚህ ሲባል የተደረገ ሰስፔንድ ለሊብቨርት አንድ ናቸው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ «ቪርሽ ሰስፔንድ» ይስጡ። ቀጥሎ የቪኤሙን ሁኔታ ከነምክንያቱ የሚያሳየውን «ቪርሽ ዶምስቴት» ከ«ሪዝን» ጋር ይጻፉና «ፖዝድ፣ ዩዘር» (በተጠቃሚው ቆሟል) የሚል መልስ ማግኘትዎን ያረጋግጡ። ማይግሬሽኑን የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሲደርስ ቆሞ ያገኙታል፤ ጊዜው ሲደርስ መድረሻው ሰርቨር ላይ «ቪርሽ ሪዚዩም» ብለው ያስነሱታል። እየሠራ ሄዶ ሲደርስ ብቻ እንዲቆም ከፈለጉ ግን ማይግሬት ትእዛዙ ራሱ «ሰስፔንድ» የሚል አማራጭ አለው፤ ከመጀመሪያው እዚያው ይጨምሩት።

ያለፈው ሳምንት ቪኤም ቆሞ የደረሰው በዚሁ አሠራር ይመስለኛል። የተጠቀሙበት ስክሪፕት ውስጥ ያ አማራጭ ከድሮ ተረስቶ ቀርቶ እንደሆነ መጀመሪያ ይዩ። ከሌለ ቪኤሙ ሳይታወቅ ቀድሞ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማከማቻው መሙላቱ ነው። ኪውኢሙ ዲስክ ላይ ቦታ ሲያጣ ቪኤሙን አያጠፋውም፤ «አይኦ ኤረር» ብሎ ባለበት ያቆመዋል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሲዛወር መድረሻው ላይ የሚያዩት ምክንያት «ዩዘር» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው ምክንያት መነሻው ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከማዛወርዎ በፊት ዶምስቴትን ከነምክንያቱ ማየትና መጻፍ ይልመዱ። ማከማቻው ሞልቶ ከሆነ ቦታ ሳያስለቅቁ ሪዚዩም ቢሉት ተመልሶ ይቆማል። በጉዞ ላይ እያለ እንዲህ ያለ ስህተት ከተፈጠረ ማይግሬሽኑ ራሱ እንዲቋረጥ የሚያደርግ «አቦርት ኦን ኤረር» የሚባል አማራጭ አለ፤ ለዳታቤዝ ቪኤም ሁልጊዜ እጨምረዋለሁ።

ማቆም የግድ ነው ወይ? እርስዎ ጋ ያለው ኔትወርክ በተግባር በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ያሳልፋል። 16 ጊጋባይት ራም በአንድ ዙር ለማለፍ 150 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ቪኤሙ ከቆመ የሚቀየር ገጽ (የራም ቁራጭ) ስለሌለ በዚሁ ያበቃል። እየሠራ ከሆነ የተቀየሩት ገጾች በየዙሩ እንደገና ይላካሉ። ቪኤሙ በሰከንድ 40 ሜጋባይት የሚቀይር ከሆነ ጠቅላላው ወደ 4 ደቂቃ ይደርሳል። ቪኤሙ የሚቆመው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ኪውኢሙ ሳይነካ የሚፈቅደው ማቆሚያ 300 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ የቀረው ወደ 33 ሜጋባይት ሲወርድ ይሻገራል። ሠራተኞቹ ምንም አይሰማቸውም። የሚቀየረው ከ110 ሲበልጥ ግን ማይግሬሽኑ መቼም አያልቅም። በመሃል «ቪርሽ ዶምጆብኢንፎ» ብለው የቆሸሹ (ማለትም የተቀየሩ) ገጾችን ፍጥነት ያንብቡ፤ የሚነግርዎ በገጽ ቁጥር ስለሆነ በ4 ኪሎባይት ያባዙት። በሰከንድ 10,000 ገጽ ማለት 40 ሜጋባይት ነው። ለጽዳት ብቻ ከሆነ የእኔ ምርጫ ሳያቆሙ ማዛወር ነው። መጻፍ መከልከል ካለበት ቪኤሙን ሳይሆን ሶፍትዌሩን ይዝጉ፤ ቪኤም ማቆም ዳታቤዙ በራም የያዘውን ወደ ዲስክ አያወርድም።

ሌላ ሰው ደግሞ «ፖስትኮፒ ይፈጥናል» ሊልዎ ይችላል፤ ፖስትኮፒ ቪኤሙን ቀድሞ አሻግሮ ቀሪውን ራም በኋላ የሚያስከትል መንገድ ነው። እውነት ነው፤ አልጨርስ ያለውንም ይጨርሳል። ነገር ግን ከተሻገረ በኋላ የራሙ ግማሽ መነሻው ላይ፣ ግማሹ መድረሻው ላይ ነው። በዚያ መሃል መብራት ጠፍቶ አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ የቪኤሙ ሩጫ አብሮ ይጠፋል፤ ከዲስክ እንደ አዲስ ማስነሳት ግድ ይሆናል። በተለመደው መንገድ መድረሻው ቢወድቅ መነሻው ላይ ያለው ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱ ሰርቨሮች ብቻ ሳይሆኑ ስዊቹና የኤንኤፍኤስ ማከማቻውም በዩፒኤስ ላይ ካልሆኑ ፖስትኮፒን አይንኩ። ስዊቹ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ሰዓቱንም ይምረጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የአዳማ ሙቀት ሳይነሳ፣ ሁለተኛው ሰርቨር የሁለቱን ሸክም ብቻውን ሲይዝ የሚግለው ያነሰ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንዲጠነቀቁበት የምፈልገው ይህን ነው። ፋኑን አጽድተው የመጀመሪያውን ሰርቨር ሲያስነሱት፣ ቪኤሙ እዚያ ተመዝግቦ «አውቶስታርት» በርቶ ከቀረ፣ ራሱ ይነሳል። ያኔ ሁለት ቪኤሞች በአንድ ዲስክ ላይ ይጽፋሉ፤ የፋይል ሲስተሙ በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ኪውኢሙ የዲስክ ፋይሉን ይቆልፋል፤ ይሁን እንጂ በኤንኤፍኤስ ላይ ቁልፉ መሥራቱ በማከማቻው አቀማመጥ ይወሰናል፤ እሱን ብቻ ተማምነው አይተኙ። ማይግሬት ሲሉ «ፐርሲስተንት»ና «አንዲፋይንሶርስ» የሚባሉትን አማራጮች አብረው ይስጡ። የመጀመሪያው ቪኤሙን መድረሻው ላይ በቋሚነት ይመዘግበዋል፤ ያለ እሱ ቪኤሙ ሲጠፋ ከዝርዝሩም ይጠፋል። ሁለተኛው ከመነሻው ይሰርዘዋል። ሰርቨሩን ከማጥፋትዎ በፊት «ቪርሽ ሊስት» ከ«ኦል» ጋር ብለው የቪኤሙ ስም መነሻው ላይ እንደሌለ በዓይንዎ ይዩ። ማይግሬሽኑ አልቆ መነሻው ላይ የቆመ ቅሪት ቢያገኙም ሪዚዩም ብለው አይሞክሩት።

ሁለቱ ሰርቨሮች የተለያየ ዘመን ሲፒዩ ካላቸው የቪኤሙን ሲፒዩ ዓይነት «ሆስት ፓስስሩ» (የሰርቨሩን ሲፒዩ እንዳለ ለቪኤሙ የሚያሳየው) ላይ አይተዉት። ደርሶ «ራኒንግ» ይላል፤ ውስጡ ግን የማያውቀውን ትእዛዝ ሲያገኝ ይወድቃል። ሁለቱም የሚችሉትን የጋራ ሞዴል ይስጡት። ቪኤሙ ራሱ ውስጥ ገብቶ ስሊፕ ያደረገ ከሆነ ደግሞ፣ ከ9.0 በፊት ያሉት ኪውኢሞች ይህን ሁኔታ በደንብ ስለማያዛውሩ ቀስቅሰው ይላኩት።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ለአንድ ሰዓት ቆሞ የተነሳ ቪኤም ሰዓቱ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ለሒሳብ ደረሰኝ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም ክሮኒ የሚያስተካክለው ይመስልዎታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፍለት «ሜክስቴፕ 1 3» ግን ትልቅ ዝላይ የሚፈቅደው ክሮኒ ከተነሳ በኋላ ላሉት 3 ማስተካከያዎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚጎትተው። 3ቱን በነጋቲቭ 1 ይቀይሩት። የጌስት ኤጀንት (ቪኤሙ ውስጥ ሆኖ ከሊብቨርት ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም) ከተጫነ ሪዚዩም እንዳሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለውን «ቪርሽ ዶምታይም» ከ«ናው» ጋር ይስጡ፤ ሠራተኞቹ ደረሰኝ መቁረጥ የሚጀምሩት ሰዓቱን አይተው ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።