ሐሙስ ዕለት የተሰጠኝ ፖስታ

ባለፈው ሐሙስ ከቅዳሴ ወጥቼ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ስታልፍ አየችኝና ሰላም ልትለኝ ቆመች። ባንክ ነው የምትሠራው። ነጠላዬን አየት አድርጋ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በዓል ነው?» አለችኝ።

«ዕርገት» አልኳት።

አልፈርድባትም። ዕርገት ካላንደር ላይ ቀይ አይደለም፤ ቢሮ አይዘጋም። ጌታ ወደ ሰማይ ያረገበት፣ ከፋሲካ አርባኛው ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ሐሙስ ይውላል። ሄደች ስል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ አንድ ጥያቄ ጣል አደረገችብኝ። «የሄደበት ቀን ምኑ ይከበራል? የሚከበረውማ የሚመጣበት አይደል?»

ታክሲ አገኘችና ሄደች። እኔ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱን ከሠላሳ ዓመት በፊት የነገሩኝ እናት ትዝ ብለውኝ ነው።

ወጣቶች ምክር ጻፍልን እያላችሁ ትወተውቱኛላችሁ። ጸልዩ፣ ጹሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ አልላችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔ ያለኝ አንድ ታሪክ ነው፤ እሱም የሚያኮራ አይደለም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አሁን የለም፤ በ2016 ከሰፈሩ ጋር አብሮ ፈርሷል። ሰው ስለ ፒያሳ መፍረስ ሲጠይቀኝ ቤቱ አይደለም የሚናፍቀኝ። ቤቱማ ያፈስ ነበር። የሚናፍቀኝ ገና ሳይነጋ በቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ የሚመጣው የጊዮርጊስ ቅዳሴ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ ባለችው ክፍል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ደብዳቤ ይመጣል። አንባቢው እኔ ነኝ። ደብዳቤው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ከናፍቆትሽ በስተቀር ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ «እስቲ ድገምልኝ» ይላሉ። እደግምላቸዋለሁ።

በ1983 ዕርገት ግንቦት 8 ቀን ዋለ። ከተማው ጭንቅ ላይ ነበር። ጦሩ ቀርቧል ይባላል፤ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እኔ ማታ ማታ ድምፁን ቀንሼ የጀርመን ሬዲዮ እሰማለሁ። የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ቡና ጠሩኝ። ጠዋት ቅዳሴ ውለው መጥተዋል፤ ነጠላቸውን ገና አላወለቁም። የእኛ ዘመን ተማሪ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ማርክስን ሳይጨርስ ጥቅስ የሚያበዛ ነው። ልክ እንደዚያች ልጅ፣ ግን በፌዝ፣ «እትዬ፣ ትቶን ስለሄደ ነው ደስታው?» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «አይ ልጄ፣ ቤተ መንግሥት ዘመድ ያለው ሰው ነው የሚያለቅስ ወይስ የሌለው?» አሉኝ። ከዚያ የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ያዙና «ይህቺን እኮ ነው ይዟት የወጣው። ጥሏት አልሄደም» አሉ።

ኋላ ዕድሜዬ ገፋ ሲል ነገሩን በመጽሐፍ ፈለግሁት። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ325 ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ዐረገ፣ ተመልሶም ይመጣል አሉ። በ381 በቁስጥንጥንያው ጉባኤ ደግሞ «በአባቱ ቀኝ ተቀመጠ»፣ «ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም» የሚለው ገባ። ዛሬ ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም የምንለው እሱን ነው። የዕርገት ምስባክም፣ ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር፣ «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» ነው የሚለው፤ እግዚአብሔር በእልልታ ዐረገ ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ የደረስኩበት ቦታ እትዬ በቆዳቸው ያሳዩኝ ቦታ ነው። የእኛው ሥጋ ዙፋን ላይ አለ። ሉቃስም ወንጌሉን ሲዘጋ እስከ ቢታንያ እንዳወጣቸው፣ እጁን አንሥቶ እንደባረካቸው፣ እየባረካቸውም እንደተለያቸው ይነግረናል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚደንቀው፤ በታላቅ ደስታ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ሰው ሸኝቶ በደስታ የሚመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከቦሌ ሸኝተን ስንመለስ ፊታችንን ነው የምንጠርገው።

«የኔም ልጅ» አሉ እትዬ ሁለተኛውን ስኒ እየሰጡኝ፣ «ካሚዮን ላይ ሆኖ እጁን አንሥቶ ነው የሄደው።»

ከዚያ ከመቀነታቸው አንድ ፖስታ አወጡ። ጥቅምት ላይ የመጣችው የመጨረሻዋ ደብዳቤ ናት። ከዚያ ወዲህ ወፍ የለም። «ቀይ መስቀል ጠፍቶ የቀረ ሰው ያፈላልጋል አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ የጦር ቁጥሩ እዚህ ላይ አለ» አሉ።

«ነገ» አልኳቸው። ፖስታውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ቀይ መስቀል ስታዲየም አካባቢ ነው። ቸርችልን ቁልቁል ብወርድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ዓርብ አልሄድኩም። ሰኞም አልሄድኩም። ማክሰኞ ግንቦት 13 ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው መውጣታቸው ተሰማ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ስለ ማመልከቻ ያስባል? በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ግንቦት 20፣ ታንክ ገባ። እኔና አንድ ጓደኛዬ በሞያሌ አድርገን ናይሮቢ ለመውጣት እንዶልት ነበር። አንድ ማታ የመንገዱን ሒሳብ ስናሰላ ወረቀት አጣንና ከኪሴ ያገኘሁትን ፖስታ አወጣሁ። ጀርባው ላይ የመኪናውን፣ የደላላውን፣ የስንቁን ደመርኩ። የደላላውንም ስልክ እዚያው ጻፍኩ። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ፣ ድምሩ ልክ ነበር።

እኔ በመጨረሻ ፈርቼ ቀረሁ። ጓደኛዬ ሄደ። ፖስታውም በእሱ ኪስ ውስጥ ከነደብዳቤው ሄደ።

ይህን ያወቅሁት ሐምሌ ላይ ነው፤ እትዬ «ልጄ፣ ያቺ ነገር?» ሲሉኝ። ኪሴን ዳበስኩ። መሳቢያዬን ገለበጥኩ። ከዚያ ሄጄ እውነቱን መናገር ሲገባኝ «አስገብቻለሁ እትዬ፤ መልስ እየጠበቅን ነው» አልኳቸው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ደብዳቤ መጣሉማ ዝርክርክነት ነው። እኔ ግን ሴትዮዋን በሌለ ነገር ላይ አስጠበቅኋቸው። በሠፈሩ ሁሉ «ይኼ ልጅ ማመልከቻ አስገብቶልኛል» እያሉ አወሩልኝ። መረቁኝ።

አጠባበቃቸውን ባያችሁ። ቁጭ ብለው አይደለም የጠበቁት። የልጁን ሸሚዝ በየወሩ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ከእያንዳንዱ ጋገራ አንድ እንጀራ ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ ማታ ካልመጣ ለቆሎ ተማሪ ወይ ለደጅ ለማኝ ይሰጣሉ። ግቢያችን ውስጥ በዚያ ሰሞን «ስምንተኛው ሺህ ነው፣ አለቀልን» የማይል አልነበረም። እትዬ ይሰሙና «እንግዲያው ጤፉን ላስፈጭ፤ ሰው ሲመጣ ቤት ባዶ አይገኝም» ብለው ይነሣሉ።

ስለ ስምንተኛው ሺህ ካነሣሁ አይቀር፣ እናንተም ትሉታላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው። ደምሩት፤ ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓመተ ምሕረት ነው። ጎንደር ሳትቆረቆር ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ «አለቀ» እያልን አላለቀም። ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ወጣቱ ሁሉ ምልክት ቆጣሪ ሆኗል። ጦርነት ሲነሣ ምልክት፣ ዝናብ ሲዘገይ ምልክት። ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም አያውቅም የተባለውን እየጠቀሰ እዚያው ላይ ቀን የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። ግማሹ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ግማሹ ወደ ዲቪ። የገሊላ ሰዎች ሆይ፣ ወደ ሰማይ እየተመለከታችሁ ስለ ምን ቆማችኋል የተባለው ለእኛ ይመስለኛል። ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ የጻፈውም ለተሰሎንቄ ሰዎች ነው። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ያወካቸው፣ አንዳንዶቹም ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ የሚዞሩ ነበሩ።

እኔ ራሴ ግን ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። በ2017 ታኅሣሥ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ሌሊት አልጋዬን ሲንጠው፣ ተነሥቼ ቁጭ ብዬ «መጣ እንዴ?» ብያለሁ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ቤቴ ወይም ጡረታዬ እንዳይመስላችሁ። ያቺ ፖስታ ናት።

እትዬ ጥር 1985 ዐረፉ። ልጃቸው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መጣ።

አዎ፣ መጣ። ጦሩ ሲፈርስ ወደ ሱዳን ተሻግሮ መጠለያ ውስጥ ነበር። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በግቢው በር ገባ። ቧንቧው ጋ ልብስ የምታጥበው ሴት ጮኸች። ሸሚዙ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ አወጣንለት። ሰፋው። ማታ የእናቱን መደብ ላይ ተቀምጦ «የሚፈልገኝ ሰው ካለ ብዬ ስም የተለጠፈ ሁሉ አነብ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «አንተ እንኳን ማመልከቻ አስገብተህላት ነበር አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

«አሜን» አልኩት።

ማመልከቻው ቢገባ ያገኙት ነበር ወይ? እንጃ። እናቱስ ድምፁን ሰምተው ይሞቱ ነበር ወይ? ሌሊት ሌሊት ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተዘጋልኝም።

እንግዲህ ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን ልመልስ። የሚመጣበት ቀንማ ይከበራል፤ ገና ሳይመጣ። የሁዳዴ አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ስለ ዳግም ምጽአቱ ይነበባል፣ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» ይባላል፤ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል ማለት ነው። በቅዳሴም ሕዝቡ «ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ» ሲል መሄዱንና መምጣቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራው። ፕሮቴስታንት ወዳጆቼም በዚህ አይለዩንም። ሐዋርያት ደስ ብሏቸው የተመለሱት የተናጋሪውን ቃል ስለሚያውቁ ነው። ሦስት ቀን ብሎ በሦስት ቀን ተነሥቷል። አጽናኙን እልካለሁ ብሎ ባረገ በዐሥረኛው ቀን ልኳል። «ሁለተኛ እመጣለሁ» ያለውም እሱ ነው። እትዬ በአንድ ጊዜ ሁለት ተስፋ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ። በሁለቱም እኩል ነበር የሚያምኑት። የእኔው ነው ባዶ የነበረው።

ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ የተሰጠውን መክሊት ሳይሠራበት የቀበረው ባሪያ ታሪክ የሚነበብበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን እሑድ ከኋላ ነው የምቆመው።

ለእናንተ ምን ልበል? «ነገ» ያላችሁትን ሰው ዛሬ ደውሉለት። እናንተ ስልክ አላችሁ፤ ስልክ ላይ ተጣዳችሁ እያልኩ አማርራለሁ እንጂ፣ እኛ ሁለት ዓመት ያጣነውን ሰው እናንተ በቴሌግራም በሁለት ቀን ስታገኙ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ቀናሁባችሁ።

ልጁ አሁን የልጆች አባት ነው፤ ፀጉሩ ከእኔ በላይ ሸብቷል። በየበዓሉ ይደውልልኛል። በየጊዜው ያችን ማመልከቻ ያነሣል፤ ለልጆቹ ሳይቀር «እሱ ነው ለእናቴ የደከመላት» ብሎ አስተዋውቆኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ምስጋናውን እየተቀበልኩ ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለት ከካፌው ተነሥቼ ሳልሄድ ደወልኩለት። የምነግርህ ነገር አለ አልኩት። «ደህና ነው ጋሼ?» አለኝ ደንግጦ። ደህና ነው አልኩት።

የፊታችን ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ጊዮርጊስ በር ላይ ተቀጣጥረናል። ይህን ወረቀት ይዤለት እሄዳለሁ፤ አፌ ከተያዘ ራሱ ያነበዋል። ቀጠሮ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነው የሚደርሰው።