ሁሉንም ልርጭ ወይስ የተጠቃውን ብቻ? የናንተው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ርጭት ሆኗል። ኬሚካሉ ተወደደ፣ ማባከን ደግሞ ያንገበግባል። የቻልኩትን እንዲህ መልሻለሁ።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ። ማሽኑ አረሙን ብቻ እየለየ ይረጫል። ቃሉ ወረዳ ላይ ላለው የአባቴ ማሽላ ማስመጣት ይቻላል?» (ከኮምቦልቻ)

ቪዲዮው እውነት ነው። መርጫው ላይ ካሜራ ተደርድሯል። አረም ሲያይ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ኖዝል፣ ማለትም ኬሚካሉ የሚወጣበት አፍ፣ ብቻ ለቅጽበት ይከፈትና ይዘጋል። ብሉ ሪቨር የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነበር የጀመረው። ጆን ዲር በ2017 እ.ኤ.አ. በ305 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። ግን ወንድሜ፣ ያ ማሽን የተሠራው ዓይን ለማይደርስበት ሜዳ ነው። የአባትህ ማሳ ላይ ገና ሳይዞር ድንበር ገፍቶ ከጎረቤት ያጣላችኋል። ካሜራው የሚተካው የገበሬውን ዓይን ነው፤ አባትህ ደግሞ ዓይናቸው አላቸው። አረሙ የበዛበትን ቦታ በእንጨት ምልክት አድርገው እዚያው ብቻ ቢረጩ ሥራው ያው ነው።

«ድሮንስ?» ያላችሁም አላችሁ። ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይታሰብም። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከራሱ በላይ የሚያንዣብብ ነገር ማየት የሚናፍቅ ሰው ወሎ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

«በቆሎዬ ላይ ተምች ገባ። ባለሱቁ ሙሉውን እርጪው አለኝ። ምን ትላለህ?» (ከሐርቡ)

ባለሱቁማ ምን ይበል፣ የሚሸጠው በሊትር ነው! እህቴ፣ መጀመሪያ የትኛው ተምች እንደሆነ ለዪ። የድሮው ተምች በመንጋ እየተጓዘ ያገኘውን ሣርና የብርዕ እህል ሁሉ ይግጣል። በ2009 ዓ.ም. የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ግን በቆሎው መሃል፣ ልቡ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ያንቺ ይኼኛው ከሆነ መርጦ መርጨት ይቻላል።

ከመርጨትሽ በፊት ቁጠሪ። ማሳውን በዚግዛግ እያቋረጥሽ አምስት ቦታ ቁሚ። በየቦታው 20 እግር በቆሎ እዪ፣ ባጠቃላይ 100 ይሆናል። የተበሳሳ ቅጠልና ልቡ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ካለ ተጠቅቷል ማለት ነው። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከመቶው 20 ያህሉ ከተጠቃ ርጭት ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ትሉን በእጅ ልቀሚ፣ ቅጠል ላይ በጅምላ የተለጠፈውን እንቁላልም እዚያው ጨፍልቂ።

ስትረጪ ኖዝሉን ወደ ልቡ አዙሪ፣ የተጠቃውን እግር ብቻ። ቅጠሉን ከውጭ ማጠብ ትርፉ ድካም ነው፣ ትሉ እዚያ የለማ። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። አመሻሹ ይሻላል፣ ንቦቹም ገብተው ያድራሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ትሉ ካደገ በራሱ ኩስ ልቡን ስለሚደፍነው ኬሚካሉ አይደርስበትም። ያኔ መርጨት ብር መድፋት ነው።

«የስንዴዬ ጥግ ላይ ቢጫ ዱቄት አየሁ። ያቺን ቦታ ብቻ ብረጭስ?» (ከገራዶ)

አይሆንም አባቴ። ያዩት ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ይመስላል፤ ዋግ ላይ ይህ ቁጠባ አይሠራም። ዛሬ ቢጫ ሆኖ የሚያዩት ቅጠል የተያዘው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዱቄቱ በነፋስ ስለሚሄድ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ ስንዴም ሳይያዝ አይቀርም። ዛሬውኑ ለልማት ሠራተኛው ያሳዩት፣ ዋግ መሆኑ ከተረጋገጠ ሙሉውን ያስረጩ፣ ለአጎራባቾቹም ይንገሩ።

«በነፃ የሳተላይት ምስል ማሳችንን እየለየሁ ልከታተል እችላለሁ?» (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ሴንቲኔል 2 የሚባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ማለትህ ነው። በየአምስት ቀኑ ያነሳል፣ ነፃ ነው። ችግሩ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሆኗ ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 25 ነጥብ ብቻ ነው። ማሳው አራት ማዕዘን ቢሆንልህ እንኳ ዳር ዳር ያሉት 16ቱ የጎረቤትን እህል የመቀላቀል ዕድል አላቸው፤ የምታምናቸው መሃል ያሉት 9 ናቸው። ክረምት ላይ ደግሞ ደመና አለ። ለኩታ ገጠም እርሻ ግን ጥሩ ነው፤ የመመረቂያ ሥራህን እዚያ ላይ ብታደርገው እመርጣለሁ።

«ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን ኬሚካል ነው የሚገባው?» (ከደሴ ዙሪያ)

በክዳን አይለካም፣ የየጠርሙሱ ክዳን ይለያያል። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ለካና ንጹህ ውኃ እንደ ልማድህ እርጭበት። 2 ሊትር ከፈጀ ለሄክታር 200 ሊትር ውኃ ትረጫለህ ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ለሄክታር 1 ሊትር ኬሚካል ከተባለ፣ ለ16 ሊትር መርጫ 80 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ልኬቱን በየዓመቱ ድገመው፣ ኖዝል እያለቀ ሲሄድ ቀዳዳው ይሰፋል።

ባዶውን ጠርሙስ ለዘይት ልጠቀምበት ያልከው ደግሞ በፍጹም! ሦስቴ አለቅልቀህ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው፣ ጠርሙሱን ብሳው።