ካሜራ መያዝ ከቻልኩ የፊልም ትምህርት ቤት ምን ያደርግልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። አራት ዓመት ሠርግና ምርቃት ስቀርጽ ቆይቻለሁ፤ ካሜራውንም ኤዲቲንጉንም የለመድኩት ከዩቲዩብ ነው። አሁን የራሴን አጭር ፊልም መሥራት አምሮኛል። ወንድሜ ግን «ካሜራ ትችያለሽ፣ ትምህርት ቤት ገብተሽ ምን ልትማሪ ነው?» ይለኛል። እውነት ምንድን ነው የሚያስተምሩት?

መልስ፦ ወንድምሽ ግማሹን ልክ ነው። ሌንስ መቀየርና ቀለም ማስተካከል ትምህርት ቤት አያስገባም። በዚያ ላይ ሠርግ ፍጥነት አስተምሮሻል፤ ቀለበት ሲያስሩ ካመለጠሽ አበቃ።

ግን ሠርግ ላይ ታሪኩ ራሱ ይመጣልሻል። ፊልም ላይ የሚጠብቅሽ ባዶ ክፍል ነው። ማን በሩ ጋ ይቁም፣ ካሜራው የማንን ፊት ይይ፣ የት ላይ ይቆረጥ፣ ሁሉንም የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ትምህርት ቤት በዋናነት የሚያስተምረውም ይሄንን መወሰን ነው፣ ያውም ካሜራው ገና ከቦርሳ ሳይወጣ፣ ስክሪፕቱን ትዕይንት በትዕይንት እየበተንሽ ስንት ተዋናይ፣ ምን ዕቃ፣ ቀን ነው ሌሊት እያልሽ ስትጽፊ።

ኤዲቲንግም እንደዚሁ ነው። ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1919 የፊልም ትምህርት ቤት ሲከፈት ገና ያልተቀረጸበት ጥሬ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እዚያ ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አየበት ይባላል። አንቺም ዛሬ ማታ ሞክሪው። ከቀረጻሽ የሙሽራዋን እናት ፊት አውጪና አንዴ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ አንዴ ከጭፈራው ቀጥለሽ አስገቢው። ሁለት የተለያዩ እናቶች ታያለሽ።

ብርሃን ላይ ችግሩን ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው በራሱ ያጨልምና ፊት ይጠቁራል። ትምህርት ቤት ፊቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ለክተሽ መብራቱን ለፊቱ እንድታቆሚ ያስለምድሻል።

ድምፅን ግን አደራ! የብዙ ፊልሞቻችን ድካም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሠርግ ላይ ሙዚቃ ትጭኚበትና ያልፋል። ፊልም ላይ ድምፁ ንግግሩ ውስጥ እንዳይገባ ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀላል፣ ከቦታው ከመሄዳችሁ በፊትም ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ያህል ይቀዳል፤ ያ ድምፅ ከሌለ በኤዲቲንግ ጊዜ ንግግሩ በተቆረጠ ቁጥር ጆሮ ላይ ይሰበራል።

ሌላው የክፍል ጓደኛ ነው። ፊልምሽን አሳይተሽ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ሲሉሽ፣ ሳትከራከሪ መስማት ብቻሽን አትማሪውም። ለዚያ ግን መጀመሪያ የምታሳዪው ፊልም ሊኖርሽ ይገባል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ከጎንደር ተነስቶ አሜሪካ የገባው ትያትር ሊማር ነበር። ፊልም የተማረው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እዚያ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ፊልሙን ራሱ ጽፎ፣ ቀርጾ፣ አቀናብሮ ያቀርብ ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊልም በማስተርስ ያስተምራል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ግን ይፈልጋል። አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡ የግል ተቋማትም አሉ። የትም ብትሄጂ ከመክፈልሽ በፊት ተማሪዎቹ የሠሩትን አሳዩኝ በይ፣ እኔ ራሴ ስንት ፊልም ሠርቼ እወጣለሁ ብለሽም ጠይቂ። መልሱ «አንድም» ከሆነ ብሩን ለአጭር ፊልምሽ አድርጊው።