ከሜዳ ወደ ዲቪዲ፦ ስለ ስፖርት ቀረጻ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ታዳጊ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። ጨዋታዎቻችንን ቀርጬ በአንድ በኩል ከልጆቹ ጋር ስሕተታችንን ለመመልከት፣ በሌላ በኩል ለወላጆች በዲቪዲ ለማደል አስቤአለሁ፤ አብዛኞቹ ወላጆች ቤት ያለው ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ነው። ያገለገሉ የቪዲዮ ካሜራዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሄጄ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ፦ በትንሽ ካሴት የሚቀዳ፣ ራሱ በትንሽ ዲቪዲ ላይ የሚቀዳ እና በሚሞሪ ካርድ የሚቀዳ። ሻጩ «መጨረሻው ዲቪዲ ከሆነ በዲቪዲ የሚቀዳውን ውሰድ» ብሎ መከረኝ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ የሻጩ ምክር ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ለስፖርት ግን ከሦስቱ መጨረሻ ላይ የሚመረጠው እሱ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ የሚገባው ዲስክ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ የሚይዘውም 1.4 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ በከፍተኛው ጥራት 20 ደቂቃ ያህል፣ በመካከለኛው ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል ይቀዳል። አንድ አጋማሽ 45 ደቂቃ ከሆነ ዲስኩ የሚያልቀው ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ነው። ከዚህም ሌላ ምስሉ ገና ሲቀዳ ኤም-ፔግ 2 በሚባለው የዲቪዲ መጭመቂያ ዘዴ በኃይል ተጨምቆ ስለሚቀመጥ፣ በኋላ ጽሑፍ ወይም የዝግታ ዕይታ ጨምረው አዲስ ዲቪዲ ሲያዘጋጁ እንደገና ይጨመቃል፤ ጥራቱም ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

በትንሽ ካሴት የሚቀዳው ሚኒ ዲቪ የሚባለው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ ቢሆንም ዛሬም የማይናቅ ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው በሰከንድ 25 ሜጋቢት ስለሚቀዳ፣ ሃያ ሁለት ተጫዋች በአንድ ጊዜ ቢሯሯጥ እንኳ ምስሉ አይፈራርስም። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት አንድ አጋማሽ ከነባከነ ሰዓቱ ይይዛል፤ በዕረፍት ሰዓት ካሴት መቀየር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሜዳ ከተመለሱ በኋላ ነው። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በፋየርዋየር ገመድ፣ በተቀዳበት ፍጥነት ነው፤ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ለመገልበጥ 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ አንድ ሰዓቱም 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ የፋየርዋየር መሰኪያ የላቸውም። መሰኪያው ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ካለዎትና ካሜራው ካሴት ሳያበላሽ የሚሠራ መሆኑን ቆመው ካረጋገጡ ሚኒ ዲቪ መግዛት ስሕተት አይደለም፤ ከሌለዎት ግን ይተዉት።

እኔ የምመክርዎ በሚሞሪ ካርድ የሚቀዳውን ነው፤ በተለይም ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን፣ ኤቪሲኤችዲ የሚባለውን ፎርማት የሚጠቀመውን። ሆኖም ካሜራውን ከመግዛትዎ በፊት በሱቁ ውስጥ ማየት ያለብዎት አንድ ነገር አለ፤ የዚህ መልስ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ለስፖርት የሚገዛ ካሜራ ስንት ነጥብ (ፒክሰል) ይቀዳል ከሚለው በፊት፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንቅስቃሴውን ስንት ጊዜ ያያል የሚለው መጠየቅ አለበት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአገራችን በሚሠራበት፣ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ባለ 4ኬ ካሜራ ቢገዙም ወላጆች ቤታቸው የሚያዩት ከዚህ አይበልጥም። በአንጻሩ ዲቪዲ በሰከንድ የሚይዘው 25 ሙሉ ምስል ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ምስል ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውንና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ለየብቻ በያዙ ሁለት ግማሽ ምስሎች ሊከፈል ስለሚችል፣ በሰከንድ 50 የተለያዩ ቅጽበቶችን ለማሳየት ይችላል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ትጓዛለች። ካሜራው በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ ካያት፣ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ድረስ አንድ ሜትር ዘላ ትታያለች፤ 50 ጊዜ ካያት ዝላይዋ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም፣ የመጀመሪያው ዓይኑን ያደክመዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ስታዲየም ተቀምጦ እንደሚያይ ያህል ይፈስለታል። ስለዚህ በካሜራው ሜኑ ውስጥ «50 ፒ» ወይም «50 አይ» የሚል ምርጫ መኖሩን ይመልከቱ። «ፒ» በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል፣ «አይ» 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። «25 ፒ» የፊልም መልክ ይሰጣል እየተባለ ይወደሳል፤ ለድራማ ሊሆን ይችላል፣ ለኳስ ግን አይሆንም። 50 ፒ ወደ ኤቪሲኤችዲ የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ 50 አይ ብቻ ቢያገኙ አይከፉ፤ ለዲቪዲ እሱም በቂ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሌንሱ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዲጂታል ዙም ከቁጥር አያስገቡ፤ እሱ የተቀዳውን ምስል መለጠጥ ብቻ ነው። ኦፕቲካል የሚለውን ይፈልጉ፤ ከመሐል ሜዳ መስመር ሆነው እስከ ማዕዘን ምት ለመድረስ 20 እጥፍ ይበቃዎታል። ለምሳሌ የፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ770 ባለ 20 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም ሲሆን ማይክሮፎን መሰኪያም አለው። ፎከሱን በእጅ መቆለፍ መቻሉ ደግሞ የግድ ነው። ብዙ ሜዳዎቻችን በሽቦ የታጠሩ ስለሆኑ ካሜራው በራሱ እንዲያነጣጥር ከተተወ ሽቦውን አጥርቶ ተጫዋቾቹን ያደበዝዛል፤ ሌንሱን ከሽቦው ቀዳዳ ጋር አስጠግተው፣ መሐል ሜዳው ላይ ፎከስ አድርገው መቆለፍ መድኃኒቱ ነው።

በፎቶ ካሜራ ወይም በስልክ ልቅረጸው የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ብዙ የቆዩ የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸውን እንደሚያቆሙ ልብ ይበሉ። ገደቡ የመጣው በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ታሪፍ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀዳ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር ነው። አጋማሹ ሳያልቅ ቀረጻው ይቆማል፤ ግቧም ብዙ ጊዜ የምትቆጠረው ያኔ ነው።

ሜዳ ላይ ሲደርሱ ከመሐል መስመሩ ትይዩ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ካለ ቦታ ይቁሙ። ከመሬት ደረጃ የተቀረጸ ጨዋታ ተጫዋቾቹን አንዱን በሌላው ይጋርዳል፤ ለአሠልጣኝ ዋና የሆነው በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም አይታይም። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን ከሜዳው በስተ ምዕራብ ይሁኑ። ካሜራውን በእጅዎ አይያዙ፤ ጭንቅላቱ በልስላሴ የሚዞር እስታንድ ከካሜራው ባልተናነሰ ትኩረት መመረጥ አለበት።

የሸተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ለካሜራው አይተዉለት። በ1/50 ሰከንድ ያቺው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስ ሸተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ግማሽ ሜትር ስለምትሄድ፣ 22 ሴንቲ ሜትር የምትሆነው ኳስ እንደ ነጭ ጭረት ትታያለች። በ1/500 ግን የምትሄደው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ምስሉን ቢያቆሙት ክብ ሆና ያገኟታል። ከልጆቹ ጋር ምስል እያቆሙ ለመወያየት ካሰቡ በቀን ብርሃን 1/500 ያድርጉት፤ ሲመሽ ወደ 1/250፣ ከዚያም ወደ 1/100 ይመልሱት። በፍሎረሰንት አምፖል በሚበራ የቤት ውስጥ ሜዳ ግን ከ1/50 ወይም ከ1/100 አይውጡ፤ የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሌላ ፍጥነት ከመረጡም ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

ዲስኩን ሲያዘጋጁ የ90 ደቂቃ ጨዋታ በአንድ ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ እንዲገባ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚጻፈውን የመረጃ መጠን) 6.5 ሜጋቢት ያድርጉት፣ ድምፁንም በዶልቢ ፎርማት በ192 ኪሎቢት ይጭመቁት። ለ60 ደቂቃ ጨዋታ እስከ 8 ይድረሱ። የዲቪዲ ደንብ ለምስል እስከ 9.8 ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በቤት የተጻፈ ዲስክ በዚያ መጠን ሲሞላ አሮጌ ማጫወቻዎች ይንተባተባሉ። በአንድ ዲስክ ሦስት ሰዓት ለማጨቅ ግን አይሞክሩ። ካሜራው ኳስ ተከትሎ ሲዞር ሣሩ በሙሉ ስለሚንቀሳቀስ፣ ለኤም-ፔግ 2 ከሣር ሜዳ የሚከብድ ምስል ጥቂት ነው፤ ቢትሬቱ ሲያንስ አረንጓዴው ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቶች የአትሌቲክስ ውድድር ስትሮጥ በ50 አይ ቀርጬ ዲቪዲ አሠራሁላት። ከካሜራው በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ንጹሕ ነው፤ ዲቪዲው ላይ ግን ሯጮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ሳቆመው ደግሞ እግራቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነው። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የሠሪው?

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደምረዳው ካሜራው ንጹሕ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያዩት የማበጠሪያ ጥርስ ሁለቱ ግማሽ ምስሎች በአንድ ጊዜ ሲታዩ የሚፈጠር ስለሆነ፣ ብቻውን ስሕተትን አያመለክትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀጥቀጡ ግን የግማሽ ምስሎቹ ቅደም ተከተል መገልበጡን በግልጽ ያሳያል። ባለ ከፍተኛ ጥራቱ 50 አይ ቀረጻ የላይኛውን መስመር አስቀድሞ ይቀዳል፣ ሚኒ ዲቪ ደግሞ የታችኛውን። በካሴት ለተቀዳ የተዘጋጀ ፕሮጀክት ከፍቶ የእርስዎን ቀረጻ ያስገባ ባለሙያ፣ የኋለኛውን ቅጽበት ከፊተኛው አስቀድሞ ያሳያል ማለት ነው። ሠሪው በሶፍትዌሩ ውስጥ «አፐር ፊልድ ፈርስት» (የላይኛው ይቅደም) የሚለውን መርጦ እንደገና ይሥራው። ምስሉን ከ1080 መስመር ወደ 576 ሲያሳንስም ግማሽ ምስሎቹ ሳይለያዩ ዝም ብሎ እንዳይጨፈልቃቸው ይንገሩት፤ የዚያ ዓይነቱ ጉዳት በቴሌቪዥንም ላይ ይታያል፣ በኋላም አይነሣም።

ዲስኩን ከመረከብዎ በፊት ተሰርዞ እንደገና በሚጻፍበት ዲቪዲ-አርደብሊው ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ ጽፎ፣ ልጅዎ በካሜራው ፊት አቋርጣ የምትሮጥበትን ቦታ በቴሌቪዥን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ይህን ሳያሳይ ሃያ ዲስክ የሚጽፍ ሰው ለሥራዎ አልተጨነቀም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየበጋው በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ የቡድናችንን ጨዋታዎች እዚሁ በገዛሁት ካሜራ እቀርጻለሁ። ለአዲስ አበባ ቤተሰቦቼ ዲቪዲ በምልክበት ጊዜ ወደ ፓል መቀየር አለብኝ? የሪጅን ኮድ ነገርስ?

መልስ፦ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄደው ይህ ውድድር በየቤተሰቡ እጅ እንዲቀመጥ ማድረግዎ የሚመሰገን ነው። ወደ ፓል ግን አይቀይሩት። የአሜሪካ ካሜራ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት በሰከንድ 60 ቅጽበት ይቀዳል፤ ወደ 50 ለመቀየር ተራ ሶፍትዌር ከየስድስቱ አንዱን ቅጽበት ይጥላል፣ ሩጫውም በየሰከንዱ አሥር ጊዜ ይደናቀፋል። በፓል አገሮች የሚሸጡ ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው የኤንቲኤስሲ ዲስክንም ስለሚያሳዩ፣ ባለ 720 በ480ውን ዲስክ እንዳለ ይላኩላቸው። የተገላቢጦሹ አይሠራም፤ ከአዲስ አበባ የሚላክልዎትን የፓል ዲስክ ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻዎች አይቀበሉትም፣ በኮምፒውተር ግን ያዩታል። ሪጅን ኮድ የፊልም ኩባንያዎች በሚሸጡት ዲስክ ላይ፣ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፈት ለመወሰን የሚያስቀምጡት ገደብ ስለሆነ እርስዎ በጻፉት ላይ አይኖርም።

ይህንኑ ካሜራ አገር ቤት ይዘው ሲመጡ ግን በመብራት ስር ይጠንቀቁ። በ60 የሚቀዳ ካሜራ በ50 ኸርዝ አምፖል ስር ይርገበገባል፤ ሸተሩን 1/100 ላይ መቆለፍ ችግሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ያስጻፍኳቸው ዲቪዲዎች በአንዳንድ ቤት ይከፈታሉ፣ በአንዳንድ ቤት አይከፈቱም። ምን ላድርግ? ከደሴ።

መልስ፦ ለአሮጌ ማጫወቻ ዲቪዲ-አር የሚባለው ባዶ ዲስክ የተሻለ ይቀናል። ጽሕፈቱን በከፍተኛው ፍጥነት ሳይሆን በ4 ወይም በ8 እጥፍ ያድርጉት፣ ዲስኩም በመጨረሻ መዘጋቱን (ፋይናላይዝ መደረጉን) ያረጋግጡ። ዲስኩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አይጠቀሙ፤ ሲሞቅ ይነሣል፣ ዲስኩንም ያዛባዋል። የጨዋታውን ቀንና የተጋጣሚውን ስም ለዲስክ በተሠራ ማርከር ይጻፉበት።