«ሜዳው ተሰጠ ይላሉ፣ እውነት ነው?» (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ሰላም ናችሁ ወይ ውድ አንባቢዎቻችን። በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሬት፣ ስለ ፕላንና ስለ ሰፈር ልማት ስለሆኑ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ባህር ዳርና ጣና ዳር ላይ ብቻ እንቆያለን። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ብዙ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ የምመልሰውም ህጉን ከፊቴ ዘርግቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባይ ማዶ ነው የምንኖረው። ቦታ ስንመራ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ነው ያየነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን እንተክልበታለን። ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጡና ለክተው ችካል ተክለው ሄዱ። አንዱ ለባለሀብት ተሰጠ ይላል፣ አንዱ ሆቴል ነው ይላል፣ ቀበሌ ስንሄድ «ከበላይ የመጣ ነው» አሉን። እኛን ሳያማክሩ መቀየር ይችላሉ? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ «ከበላይ የመጣ ነው» መልስ አይደለም። የትኛው በላይ? በየትኛው ደብዳቤ? ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው? ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ማንንም መድፈር አይደለም።

ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። ከተማ የሚመራው በሁለት አይነት ፕላን ነው። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ነው፣ ከተማውን ሙሉውን ይዞ ዋና መንገዱ የት ይለፍ፣ መኖሪያው የት ይሁን፣ ፋብሪካው የት፣ አረንጓዴው የት የሚለውን ይወስናል። ሌላው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፣ እሱ ደግሞ ሰፈር ሰፈር ወርዶ የህንጻውን ከፍታ፣ ቅያሱን፣ የልጆች መጫወቻውን ሳይቀር ያስቀምጣል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለህዝብ ይፋ ሆኖ ውይይት እንዲደረግበት ያዛል። ህገ መንግስቱም አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች የሚኖሩበትን ማህበረሰብ በሚነካ ፕሮጀክት ሀሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ስለዚ «መቀየር ይችላሉ ወይ» ካልሽኝ አዎ ፕላን ይቀየራል፣ ከተማ ያድጋል፣ ግን አረንጓዴ የነበረው ሆቴል የሆነበት መንገድ መታየት አለበት፣ ማን አጸደቀው፣ ህዝቡ መቼ ተወያየ፣ ቃለ ጉባኤው የት አለ?

መሬቱ ተሰጠ ከተባለም የተሰጠበት መንገድ አለው። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ (ያለ ጨረታ በአስተዳደር ውሳኔ) ነው ይላል፣ ለጨረታ የሚወጣውም ቦታ ከሌላ ሰው የይገባኛል ጥያቄ ነጻ የሆነና ከከተማው ፕላን ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ጨረታ ከነበረ ማስታወቂያ ነበረ ማለት ነው። ማስታወቂያውን የት ለጠፋችሁት ብላችሁ ጠይቁ።

ግን ችካል አየን ብላችሁ ብቻ ተሰጠ እንዳትሉ። ለካዳስተር ምዝገባም (የይዞታ ወሰን ተለክቶ መዝገብ ላይ ሲገባ) ቀያሾች እየዞሩ ወሰን ይለካሉ፣ ውሃና መብራትም መስመር ሲዘረጋ ይለካል። ለዚህ ነው ችካሉን ማንም እንዳይነቅል አጥብቄ የምለምናችሁ። ከተነቀለ ወሬው ከሜዳው ይወጣና እናንተ አጠፋችሁ ወደሚለው ይዞራል።

አሁን የምታደርጉት ይሄ ነው። እድራችሁ ይሰብሰብ፣ ሶስት አራት ሰው ምረጡ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ውስጥ ልቅሶና ወቀሳ አታብዙበት፣ የቦታውን አቅጣጫ አስቀምጡና «በጸደቀው ፕላን ላይ አገልግሎቱ ምንድን ነው? ተቀይሮ ከሆነ በማን፣ መቼ? ለማን በምን መንገድ ተላለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍለ ከተማው መዝገብ ቤት አስገቡና የእናንተ ኮፒ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ቁልፉ እሱ ነው፣ ምክንያቱም የመረጃ ነጻነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ለቀረበ የመረጃ ጥያቄ መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ከዛች ማህተም ነው። 30 ቀን አልፎ ዝም ካሉ ኮፒውን ይዛችሁ ወደ ህዝብ እንባ ጠባቂ ትሄዳላችሁ፣ ባህር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ጎን ለጎን የሰፈራችሁን የምክር ቤት ተመራጭ ፈልጉት፣ ብዙ ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ይሄን ሁሉ የምልሽ እኛ ሰፈር የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲሁ አንድ ክፍት ቦታ ነበረን፣ ሁለት ወር ሙሉ ቡና ላይ አወራነው፣ ሁሉም «ኧረ ዝም አንልም» ይል ነበር፣ አንዲት ወረቀት ግን ማንም አልጻፈም። ስንደርስ አጥሩ ቆሞ ነበር። ዛሬም በዛ በኩል ሳልፍ ሆዴ ይባባል። ባህር ዳር እኮ እንዲህ ዘንባባ በዘንባባ ሆና መንገዷ ሰፍቶ ወደ ሐይቁ አየር የሚያስገባው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሰርተውላት፣ ከዛ በኋላ የመጣውም ሰው ጠብቆት ነው። የናንተም ሜዳ የዛው አካል ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፣ ኮሚቴው በየቤቱ መዋጮ ጽፏል። እኔ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ አንቺ ክፈይ ትለኛለች። ማን ነው የሚከፍለው? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ መዋጮው የሚጻፈው በቤቱ ባለይዞታ ላይ ነው፣ መንገዱ ሲሰራ ዋጋው የሚጨምረው የእሷ ቤት ነውና። በኪራይ ውላችሁ ላይ የሰፈር መዋጮ አንቺ ትችያለሽ የሚል ከሌለ ግዴታ የለብሽም፣ ከፈለግሽ ግን ተነጋግራችሁ ከኪራይ ላይ የሚታሰብ አድርጉት። ማንም ይክፈል ማን ደረሰኝ ሳይቀበል እንዳይሰጥ። ኮሚቴውም የሰበሰበውንና ያወጣውን ጽፎ እድሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። እንደዛ በሚያደርጉ ሰፈሮች መንገዱ ቶሎ ሲያልቅ አይቻለሁ፣ ሰው የሚሸሸው ብሩን ሳይሆን ብሩ የት እንደገባ አለማወቁን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወራሚት በኩል ነኝ፣ ሰባ ዓመቴን አልፌያለሁ። ለመንገድ ማስፋፊያ ነው ብለው አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ማንጎ፣ ቡናና ጌሾ አለኝ፣ ጉድጓድም አስቆፍሬያለሁ። አንዱ ልጅ ባዶ ፎርም አምጥቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እኛ እንሞላዋለን» አለኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያቆይዎ። አይፈርሙ! ባዶ ወረቀት ላይ ለማንም እንዳይፈርሙ፣ ጎረቤትዎም እንዳይፈርሙ ይንገሯቸው።

መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ መንግስት ለህዝብ ጥቅም ሲፈልገው ሊወስደው ይችላል፣ እሱ አያከራክርም። ነገር ግን ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው የሚለው። በቅድሚያ የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ተሻሽሏል፣ ሲጠይቁ ሁለቱንም ያንሱ። አዋጁ ሲወጣ አስተዳደሩ ተነሺዎችን ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲያወያይ አዟል፣ ለአስቸኳይ ልማት ሲሆን ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። የልቀቁ ትእዛዝ በጽሁፍ ነው የሚመጣው፣ ቀይ ቀለም ትእዛዝ አይደለም፣ ምልክት ነው። ቅሬታ ካለዎት ትእዛዙ በእጅዎ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያቅርቡ፣ ይቺን ቀን እንዳያሳልፏት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቆጠራው ነው። ገማቾቹ ሲመጡ ከልጆችዎ አንዱ አጠገብዎ ይቁም። ማንጎው ስንት እግር ነው፣ የትኛው ፍሬ ይሰጣል፣ የትኛው ገና ችግኝ ነው፣ ቡናው ስንት እግር፣ ጌሾው፣ ጉድጓዱ፣ አጥሩ፣ ኩሽናው፣ ሽንት ቤቱ፣ አንድ በአንድ ይጻፍ። ፍሬ የሚሰጥ ማንጎና ችግኝ አንድ ላይ «ማንጎ 20» ተብሎ ከተጻፈ ብዙ ይጎዳሉ። ቀድመው እርስዎ ራስዎ ቆጥረው ደብተር ላይ ያስቀምጡ፣ ልጆቹም በስልካቸው ፎቶ ያንሱ። ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ይነበብልዎ፣ ከዛ እርስዎም ባለቤትዎም ፈርማችሁ አንድ ኮፒ ቤታችሁ ይቅር። ምትክ ቦታ ሲሰጥዎም ቦታውን በዓይንዎ ሳያዩ እሺ አይበሉ፣ ውሃና መንገድ የሌለበት ቦታ በካርታ ላይ ሲያዩት ያምራል።

አንድ ቀን ደግሞ ደውሉልኝ ጋሼ፣ እንዴት እንደሆነ መስማት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ መኖሪያ ነው፣ ፊት ለፊቱን ሱቅ ላደርገው አስቤ ነበር። ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ሳትጀምር የፕላን ስምምነት (ያሰብከው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚሄድ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ጠይቅ፣ ቤትህ ያለበት መስመር ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ አብረው የሚፈቀዱበት ከሆነ ቀላል ነው፣ ንጹህ መኖሪያ ከሆነ ግን አስቸጋሪ ነው። ቦታህ በሊዝ ከሆነ ውሉንም እየው፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞች የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ሲሆን የንግድ 70 ዓመት ነው፣ ዋጋውም ይለያያል፣ ስለዚ የአገልግሎት ለውጥ ቀልድ አይደለም። ብረቱን ገዝተህ ከደረደርክ በኋላ አትጠይቅ።

ጥያቄ፦ አሳ አስጋሪ ነኝ። ደንገል የምናጭድበት ዳር ላይ መኪና ማታ ማታ እየመጣ የፈረሰ ግንብና አፈር ይደፋል። ስንጠይቅ «ደረቅ መሬት ነው፣ ሐይቁ እዛ ነው» ይሉናል። እውነትም አሁን ደረቅ ነው። ምን ማድረግ እንችላለን? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ።

«ደረቅ መሬት ነው» የሚሉህ በግንቦት አይተው ነው። አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፣ ጣና ሰኔ መግቢያ ላይ ወርዶ ወርዶ ክረምቱ ሲያልቅ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ በለጥ ባለ ሜዳማ ዳር ደግሞ አንድ ሜትር ማለት ውሃው ብዙ ርቀት ወደ መሬት ገባ ማለት ነው። ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ መዝጊያ ውሃውን ስለሚቆጣጠረው ዳሩ የት እንደሚውል በዝናብ ብቻ የሚወሰንም አይደለም። ስለዚ የሐይቁ ወሰን በበጋ እግርህ የማይረጥብበት ቦታ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ህይወቱ ያለው ዳሩ ላይ ነው። ቀረሶ የሚባለው አሳ የሚራባው እዛ ደንገልና ሳር መሀል ነው፣ ከላይ ከእርሻ የሚወርደውን ደለል የሚይዘውም ደንገሉ ነው። እምቦጩ ከመጣ ወዲህ ሰው ሐይቁን በእጁ ሲነቅልለት ከርሞ ማታ በመኪና አፈር ሲደፋበት ማየት ያማል።

ህጉ ከአንተ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡህ ወይም በውሳኔው ካልተስማማህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። «ቦታው የአንተ ነው ወይ? ካርታ አለህ?» ብለው ሊመልሱህ አይገባም። የተደፋው ለግንባታ ከሆነም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ 299/1995 ጥናቱ ለህዝብ ክፍት እንዲሆንና የሚነካው ማህበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል፣ ጥናቱን አሳዩን በሉ። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ ተስማምተው የሚጠበቁበት ቦታ ተብሎ) መመዝገቡንም ማመልከቻው ላይ ጥቀሱት።

ማታ ከሾፌሮቹ ጋር እንዳትጋጩ፣ ሰሌዳ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ጻፉ። ማህበር ካላችሁ በማህበሩ ስም አስገቡት። አሁን ደግሞ ነገ በቀን ሂድና ውሃው የቆመበትንና አፈሩ የተደፋበትን አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ አንሳ፣ የቆምክበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በዛፍ ምልክት አድርግ። መስከረም ላይ እዛው ቆመህ ድገመውና ሁለቱንም ለእኛም ላክልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እናወጣቸዋለን።