ልጄ የላቬንደር አበባ አኘከ፤ ወተት አጠጣሁት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ላቬንደር ተክያለሁ። ባለፈው እሑድ የሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ልጄ አበባውን ቀንጥሶ ሲያኝክ ደረስኩበት። ደንግጬ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ከትቼ አስታወክሁት፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት አጠጣሁት። አማቴ «ይኼን መርዝ ንቀይው» ብለው ተቆጥተዋል። ልንቀለው? ሌላው፣ ልጁን ሳል ስለያዘው ከሱቅ የገዛሁትን የላቬንደር ዘይት ሁለት ሁለት ጠብታ በሻይ ስሰጠው ሦስተኛ ቀኔ ነው። ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ተክሉ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «በገዛ እጄ በተከልኩት ነገር ልጄን ላጣው ነበር ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። አልነበረም። አንድ ሁለት ዘለላ አበባ ማኘክ ልጅን አይመርዝም። አፉን ይመረዋል፣ ቢበዛ ሆዱን ትንሽ ያውከዋል። የቀረውን ከአፉ አውጥተው ውሃ ጉንጭ ቢያደርጉለት ይበቃ ነበር። ማጣራት ያለብዎ ተክሉ ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶ እንደሆነ ብቻ ነው። ላቬንደሩን አይንቀሉት።

ጣት ከትቶ ማስታወክና ወተት ማጠጣት ግን ዳግመኛ እንዳይደረግ። «ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው» የሚለው እምነት በየቤቱ ስላለና ልጆችን ስለሚጎዳ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። ያን ዕለት አበባ ስለነበረ ምንም አልመጣም። ነገ የሚጠጣው የዘይቱን ብልቃጥ ቢሆንስ? በሃይላንድ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ቢሆንስ? እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ፈሳሾች ሆድ ውስጥ ገብተው ከሚያደርሱት ይልቅ ሳንባ ውስጥ ገብተው የሚያደርሱት ይከፋል። ልጁ ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለስና ትን ይለዋል፤ ጥቂቱ እንኳ በአየር ቧንቧው ከወረደ ሳንባው ይቆጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ወተቱ ይህን አያስቀርም። ሆዱን ሞልቶ ጭራሽ እንዲያስታውክ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ «ወተት ጠጥቷልና ይሻለዋል» ተብሎ ሰዓቱ ያልፋል። ዘይት ወይም ጋዝ ለጠጣ ልጅ ወተትም፣ የምግብ ዘይትም፣ ሎሚም፣ እንቁላልም አይሰጥም። አፉን ጠርጉ፣ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ካንቀላፋ በጎኑ አስተኙት። ብልቃጡን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ምን ያህል እንደጎደለ ሐኪሙ ይጠይቃል። ልጁ ደህና ቢመስልም ይሂድ፤ የሳንባው ችግር ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ወደ ሻዩ ልምጣ። ዛሬውኑ ያቁሙ። አበባና የተጣራ ዘይት አንድ አይደሉም፤ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ብልቃጥ የምትሞላው ከአንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እርጥብ አበባ ነው። ዘይቱ ደግሞ ከሻይ ጋር አይዋሃድም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ጠብታው እንዳለ በአንድ ጉንጭ ይገባል። ትን ካለው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል። ሦስት ቀን ሙሉ ለሳል የማይታዘዝ ነገር ሲያጠጡት አንድም ጊዜ ሐኪም አላየውም፤ ይህን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ሳሉ የባሰው ዘይቱን ከጀመሩ ወዲህ ከሆነ ይህን ለሚያየው ሐኪም በግልጽ ይንገሩ። ማንም አይፈርድብዎትም፤ ሳይነገር መቅረቱ ነው የሚጎዳው።

ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ዓመት ከሞላው እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል። እንዲህ ከፈጠነ፣ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ይህ ከሌለም ነገ ጠዋት ይታይ። እስከዚያው ለብ ባለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ማታ ማታ ይስጡት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው።

ተክሉን በተመለከተ ግን ደስ ብሎዎት ይንከባከቡት። ላቬንደርን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥም ሳይሆን የክረምቱ ውሃ ነው። ጥቁር መረሬ ውሃ ስለሚይዝ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የተጠማ መስሏቸው ውሃ የሚጨምሩለት ይበዛሉ። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው መትከያ፣ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ቀይ አሽ ወይም አሸዋ ቀላቅለው፣ በየቀኑ ለስድስት ሰዓታት ያህል ፀሐይ ከሚያገኝበት ያኑሩት። የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል ሳይደርቅ አያጠጡ፤ ፍግም አያብዙበት፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል። አበባው ካለፈ በኋላ ሲሶውን ይከርክሙ፣ ግን ቅጠል አልባ ወደሆነው ግንድ አይውረዱ፤ ከዚያ አያቆጠቁጥም።

ለመድረቅ የሚለቀመው በዘለላው ላይ ግማሽ ያህሉ አበባ ሲፈካ፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው። በእስር በእስር አድርገው ጥላና ነፋስ ባለበት አንድ ሁለት ሳምንት ዘቅዝቀው ይስቀሉት። እርስዎ ማታ የአበባውን ሻይ ከወደዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ አበባ ለአንድ ስኒ፣ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፈው ይጠጡ። ጫፉ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያለ ቅጠል የሚያወጣው ዓይነት ካምፎር የሚባል፣ ሽታው የሚከብድና ሲዋጥ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው ለሽታ ብቻ ይሁን፣ አይጠጣ። የዘይቱ ብልቃጥ ግን ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበው ሳይቀመጡ፣ በቁልፍ ይዘጋበት።