መልስ፦ የልጅ የአንጎል ዕጢ ሁሉ ካንሰር ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። የ6 ዓመቱ የወንድምሽ ልጅ ትንሹ አንጎል (ከራስ ቅል ኋላ በታች ያለው የአንጎል ክፍል) ላይ ዕጢ ታየ ተብሎ፣ «ሁሉም ካንሰር ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም።

ልጆችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከደም ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው የአንጎል ዕጢ ነው። ቢሆንም ብዙ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ልጆችና ታዳጊዎች 6 ገደማ ያህሉ ላይ ይገኛል።

ትንሹ አንጎል ላይ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው። ፒሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ ደረጃ 1 ነው (ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው፤ 4 ክፉው ነው)፤ ካንሰር አይባልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ማይክሮስኮፕ ስር ሴሎቹ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭራ አላቸው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕክምና አያስፈልግም።

ሜዱሎብላስቶማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደረጃ 4፣ ካንሰር ነው። ሴሎቹ ትንንሽ፣ ጥቅጥቅ ያሉና ሰማያዊ ቀለም የጠጡ ናቸው። ወንዶች ልጆች ላይ ይበዛል። በአከርካሪ ፈሳሽ ስለሚሰራጭ የጀርባም ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ይታዘዛል። እሱም ቢሆን በጂን አራት ቡድን አለው፤ ደብልዩኤንቲ የሚባለው ለሕክምና በጣም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ኤፔንዲሞማ የሚባል ሌላ ዕጢም አለ፣ ከሁለቱ ባነሰ ቁጥር ነው የሚገኘው።

እናቱ «ምን አብልቼው ነው?» እያለች ከሆነ ይሄን ንገሪያት፦ በርግጠኝነት የታወቁት መንስኤዎች ጨረርና ጥቂት በዘር የሚወረሱ ችግሮች ናቸው። ምግብ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ኤምአርአይ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የፓቶሎጂው ወረቀት (ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ምርመራ ውጤት) ሲመጣ ስሙንና ደረጃውን እዚህ ጻፊልኝ። እስከዚያ የጠዋት ትውከቱ ከባሰ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።